አምሳያውና አማናዊው

ሰው ያየውን ነገር አሳንሶ ሠርቶ በእጁ መያዝ የሚወድ ፍጥረት ነው። ይህም ፍቅር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1920 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በላይኛው ግብፅ በቴብስ አጠገብ መኬትሬ የተባለው የፈርዖን ሹም መቃብር በተመረመረ ጊዜ፣ አራት ሺህ ዓመት ያህል በጨለማ የኖሩ ከእንጨት የተቀረጹ ታናናሽ ጀልባዎች ከነቀዛፊዎቻቸው፣ ከብቶች ከነእረኞቻቸው፣ የዳቦና የጠላ ቤቶችም ከነሠራተኞቻቸው ተገኝተዋል። መኬትሬ እነዚህን ያሠራቸው በሕይወቱ ሳለ ያገለገሉት ነገሮች በወዲያኛው ዓለም እንዳይጐድሉበት ብሎ ነው። ተስፋው ከንቱ ነበረ ብንል እንኳ፣ አምሳያዎቹ የእውነተኛ ነገር አምሳያ መሆናቸውን ልንክድ አንችልም፤ ጀልባው በዓባይ ላይ ነበረና።

በእኛ ዘመን ግን ሌላ ዐይነት አምሳያ ተነሥቷል። ይኸውም በሲኒማ መጋረጃ ላይ የታዩትን አውቶሞቢሎችና የሰማይ መርከቦች በታናሹ፣ አንዳንድ ጊዜም በትክክለኛ መጠናቸው እያስመሰሉ መሥራት፣ የተሠሩትንም በብዙ ድካምና ገንዘብ ማከማቸት ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በአሜሪካና በጃፓን ይህን ብቻ የሚሠሩ ፋብሪካዎች፣ ይህን የሚሸጡ ሐራጅ ቤቶች፣ በዚህም ዕድሜያቸውን የፈጁ አዋቂ ሰዎች አሉ። ስለ እነርሱ የሚናገሩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን «ሸምግሎ ልጅ መሆን ነው» ብሎ ይሥቃል፤ ሁለተኛው ወገን «አዲስ ጣዖት ነው» ብሎ ይቈጣል። የሚሥቀውም የሚቈጣውም ነገሩን ሳይመረምር የፈረደ ይመስለናል። ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከቶ ያልነበረውን ነገር አምሳያ በክብር የሚያስቀምጥ ሰው፣ የሚያከብረው ምንን ነው?

በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ አንባቢ ምሳሌና አማናዊ የሚሉትን ሁለት ቃላት ጠንቅቆ ያውቃል። ምሳሌ የሚከበረው ወደ አማናዊው ስለሚያመለክት ነው። ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ሲኒማው ተሽከርካሪ የሄድን እንደ ሆነ ግን ሚዛኑ ወዲያው ይናወጣል፤ ከምሳሌው በስተኋላ አማናዊውን ስንፈልግ ሌላ ምሳሌ እናገኛለንና። ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በአንዲት መኪና ታሪክ እንጀምር።

ናዚዎች የጀርመንን መንግሥት በያዙበት በ1933 ዓ.ም. በኑረንበርግ የቈርቈሮ መጫወቻ ፋብሪካ የነበረው ፊሊፕ ኡልማን የተባለ አይሁዳዊ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ፤ በኖርዝሃምፕተንም ሜቶይ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው ከጊዜ በኋላ በዌልስ በስዋንዚ ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ሠራ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ «ኮርጊ» በሚል ስም ከቀለጠ ዚንክ በቅርጽ የሚፈስሱ ታናናሽ መኪናዎችን ማውጣት ጀመረ። ኮርጊ የዌልስ ሰዎች አጭር እግር ያለው የውሻቸው ስም ነው።

በ1964 ዓ.ም. «ጎልድፊንገር» የተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም ታየ። ሰላዩ የሚነዳው ዲቢ 5 የተባለው የአስተን ማርቲን መኪና ከፊቱ መትረየስ፣ ከኋላው የጥይት መከላከያ ጋሻ፣ ከነጂውም ጐን የተቀመጠውን ጠላት በጣራ በኩል ወደ ውጭ የሚወረውር ወንበር ነበረው። የስዋንዚ ሠራተኞች ይህን ሁሉ ርዝመቷ ዐሥር ሳንቲሜትር ያህል በሆነች መኪና ውስጥ በጥቃቅን ሽቦና ሞላ አዋቅረው አስገቡት። በጐኗ ያለችውን ቁልፍ የነኳት እንደ ሆነ ጣራው ይከፈታል፤ ወንበሩም የተቀመጠበትን ሽፍታ ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። መኪናዋ በ1965 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለገበያ ወጣች፤ ዋጋዋም 9 ሺሊንግ ከ11 ፔንስ ነበረ። በዚያ ዓመት ለገና በዓል በየሱቁ ተፈልጋ እስክትታጣ ድረስ ተሸጠች፤ የመጫወቻ ነጋዴዎች ማኅበርም የዓመቱ ምርጥ መጫወቻ ብሎ ሸለማት። በሚቀጥሉት ዓመታት የተሸጠው ብዛት ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በፊልሙ የታየችው መኪና መልኳ የብር ዐይነት ነው፤ የስዋንዚዋ ግን የወርቅ ቀለም ተቀባች። ምክንያቱም የብር ቀለም በታናሽ ዚንክ ላይ ሲታይ ገና ያልተቀባ ብረት ይመስላል ተብሎ ስለ ተፈራ ነው። አምሳያዋ በመልኳ አልመሰለችም ማለት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት «ይህች አይደለችም» ብሎ የመለሳት ሕፃን እንደ ነበረ አልተሰማም። ሕፃናቱ ከመልኩ ይልቅ የወንበሩን መፈናጠር ፈልገው ነበርና። ስለ አማናዊዋ ደግሞ ከተነሣ፣ በፊልሙ ላይ የተሠራባት መኪና በ1997 ዓ.ም. በፍሎሪዳ በቦካ ራቶን ከአውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ተሰረቀች። አማናዊዋ በሌባ እጅ ስትገባ አምሳያዎቿ በየቤቱ ቀሩ።

ወደ ሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያገባን ግን ከዚህ በኋላ የተከተለው ነው። ያች ታናሽ መኪና የተሠራችው ሕፃን እንዲጫወትባት ነው። ሕፃኑም ተጫወተባት፤ ወንበሩን ሺህ ጊዜ አስፈነጠረ፤ ሽፍታውን ከምንጣፍ ሥርና ከጓሮ ሣር ውስጥ ጣለው፤ ቀለሟ ተላጠ፤ ካርቶኗ ገና በመጀመሪያው ቀን ተቀደደ። ፋብሪካውም ሽፍታው እንደሚጠፋ አስቀድሞ ዐውቆ አንድ ትርፍ ሽፍታ በፖስታ አሽጎ በካርቶኑ ውስጥ ጨምሮ ነበር። ዛሬ በሐራጅ ቤት ከፍ ያለ ዋጋ የምታወጣው ግን ይህች የተላጠችው አይደለችም። ዋጋ የምታወጣው ማንም ያልነካት፣ ካርቶኗ ያልተጨማደደ፣ የፖስታዋ ማሸጊያ ያልተቀደደ ናት። መጫወቻውን ከነካርቶኑ በጠራ ፕላስቲክ ቤት ዘግተው ከ100 ነጥብ ስንት እንደሚገባው የሚፈርዱ ድርጅቶችም ተነሥተዋል። ከዚህ ፍርድ በኋላ ዕቃውን መክፈት ሀብትን ማቃጠል ይሆናል። እንግዲህ የአንድ መጫወቻ ዋጋ እጅግ የሚበዛው አንድም ሕፃን ደስ ሳያሰኝ የኖረ እንደ ሆነ ነው። ይህን ተራ የገበያ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኛ ግን ማለፍ አንወድም። ዕቃው የተፈጠረበትን ሥራ ባለመሥራቱ የሚከበርበት ገበያ ሰውንም ቀስ በቀስ እንዲሁ አድርጎ ማየትን ያስተምራልና።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዕቃ ቤት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ሕፃን አይነካቸውም፤ ቄሰ ገበዙ ቁልፉን ይዞ ይጠብቃቸዋል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ እኛ ዘንድ ባልደረሱም ነበር። ስለዚህ መጠበቅ በራሱ ነውር አይደለም፤ ይልቁንም ላልተወለደ ሰው የሚደረግ ቸርነት ነው። ዛሬ ስለ ስዋንዚ ሠራተኞች ጥበብ መናገር የተቻለው አንዳንድ ሰው ካርቶኑን ሳይቀድድ ስላቈየ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ይህን ሁሉ እንቀበላለን። ነገር ግን የብራናው መጽሐፍ የሚጠበቀው ሊነበብ ነው፤ በበዓሉ ቀን ከማኅደሩ ይወጣል፣ ይነበባል፣ ይሰማል፣ ወደ ማኅደሩም ይመለሳል። ማኅደሩ ከመጽሐፉ የሚበልጥ ዋጋ ሲያወጣ ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። በመኪናዋ ዘንድ ግን አንዳንድ ጊዜ የሚገዛው ካርቶኑ ነው። ዕቃውን ጠብቆ ለሚያየው ሁሉ በሙዚየም የሚያሳይ ሰውና ዋጋው እስኪወጣ ድረስ በጨለማ የሚዘጋው ሰው ሁለቱም «ጠባቂ» ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም።

ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ሰው አለ፤ የሚበዛውም እርሱ ሳይሆን አይቀርም። በ1965 የስምንት ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ሽማግሌ ነው። መኪናዋን ያኔ ሰብሯት ወይም ለታናሽ ወንድሙ አውርሷት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ አባቱ 9 ሺሊንግ ከ11 ፔንስ አጥቶ ከመስታወት ውጭ ሲያያት ቀርቶ ይሆናል። አሁን ገንዘብ አገኘ፤ ገዛትም። ይህን ሰው ስስታም ብለን እንድንሰድበው ሕሊናችን አይፈቅድልንም። የሚፈልገው ዚንኩን እንዳልሆነ እርሱ ራሱ ያውቀዋል፤ አባቱን፣ ያን ቤት፣ ያን የገና ጥዋት ይፈልጋል። ጭንቁ የሚጀምረው አንዲቱ ሳትበቃው ቀርታ ሁለተኛ፣ መቶኛ፣ ሺህኛ ሲጨምር ነው። ያ ጥዋት በአንዲቱ ካልተመለሰ በሺህኛዋም አይመለስም። በዚህ መካከል የልጅ ልጁ ወደ መደርደሪያው እጁን ሲዘረጋ «አትንካ!» የተባለ እንደ ሆነ፣ ሽማግሌው ለራሱ የልጅነት ትዝታ ሲል የዚህን ሕፃን ልጅነት እየከለከለ መሆኑን ልብ ቢል መልካም ነው። የሕፃኑም ጥዋት አንድ ጊዜ ብቻ ነውና።

አሁን አስቀድመን ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ፤ ይኸውም ከአምሳያው በስተኋላ ያለው አማናዊ ምንድር ነው የሚለው ነው። በ1977 ዓ.ም. በወጣው «ስታር ዎርስ» በተባለው ፊልም ኤክስ ዊንግ የሚባሉ ባለ አራት ክንፍ የሰማይ ጦር መርከቦች ይታያሉ። የእነዚህን አምሳያ የሚያከማቹ ሰዎች በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ናቸው። ነገር ግን በሰማይ የበረረ ኤክስ ዊንግ ከቶ አልነበረም። በመጋረጃው ላይ ታላቅ ሆኖ የታየው በሁለት እጅ የሚያዝ ታናሽ የፕላስቲክ ሥራ ነበረ። የሚያስደንቀውም አሠራሩ ነው፤ የፊልሙ ሠራተኞች በየመጫወቻ ሱቁ የሚሸጡትን ተገጣጣሚ የታንክና የአውሮፕላን አምሳያዎች ገዝተው፣ ከእነርሱም ጥቃቅኑን ዕቃ ለይተው በመርከቡ ገላ ላይ ይለጥፉ ነበር። ፊልሙ ከታየ በኋላ ፋብሪካዎች የኤክስ ዊንግን ተገጣጣሚ አምሳያ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ከዚያም አልፎ ዛሬ ትክክለኛውን ግልባጭ ለመሥራት የሚደክሙ ሰዎች ያን የጥንት ታንክና አውሮፕላን ካርቶን ከያለበት ይፈልጋሉ፤ አንዲት የሞተር ክዳን ከየትኛው ታንክ እንደ ተወሰደች ለማወቅ ብዙ ወራት ይፈጃሉ። እንግዲህ የመርከቡ አማናዊ የትኛው ነው? ታንኩ ነውን? ታንኩም ራሱ አምሳያ ነበረ።

ከእነዚህ ለፊልሙ ከተሠሩት ኤክስ ዊንጎች አንዱ፣ በ2022 ዓ.ም. ባረፈ አንድ ስመ ጥር አምሳያ ሠሪ ጋራዥ ውስጥ በካርቶን ተቀምጦ ተገኘ። በ2023 ዓ.ም. በጥቅምት በዳላስ ከተማ በሐራጅ ሲሸጥ 3 ሚሊዮን 135 ሺህ ዶላር አወጣ። ገዢው ለአማናዊው ከፈለ ይባላል፤ የከፈለው ግን ለአምሳያ ነው። ይህን ስንል ልናፌዝበት አይደለም። ከአምሳያው በስተኋላ ሌላ መርከብ ከሌለ፣ እውነተኛ ሆኖ የሚቀረው የሠሪው እጅ ብቻ ነው። ያ ፕላስቲክ ሰዎች ሌሊት ሳይተኙ የቈረጡት፣ ያጣበቁት፣ ያረጀ እንዲመስል በቀለም ያጨቀዩት መሆኑ ፈጽሞ እውነት ነው። ሰብሳቢው ይህን ድካም ያከበረ እንደ ሆነ የሚያከብረው የነበረን ነገር ነው፤ በሰማይ የበረረውን መርከብ ያከበረ እንደ ሆነ ግን በእጁ ያለው ጥላ ነው።

የማይሄድ ነገር መስሎ የተሠራውን ትተን ወደሚሄደው ብንመለስም ነገሩ እምብዛም አይለወጥም። የአስተን ማርቲን ኩባንያ በ2020 ዓ.ም. ለ25 ገዢዎች ያን የፊልም መኪና በትክክለኛ መጠኑ እንደ ገና ሠራ፤ ጢስ ይተፋል፣ መትረየሱም የሚተኩስ ይመስላል። የአንዱ ዋጋ ከግብር በፊት 2 ሚሊዮን 750 ሺህ ፓውንድ ነበረ፤ ነገር ግን በሕዝብ መንገድ ላይ ለመነዳት አልተፈቀደለትም። ሕፃኑ በምንጣፍ ላይ የነዳትን ያህል እንኳ ሊነዳት የማይቻል መኪና ማለት ነው። በ9 ሺሊንግ ከ11 ፔንስ ከተገዛችው ይልቅ መጫወቻ የሚለው ስም ለዚህችኛዋ የተገባ ሆኖ ይታየናል።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር የሌላ መኪና ታሪክ እንጨምር። በ1968 ዓ.ም. «ቡሊት» በተባለው ፊልም ስቲቭ ማክዊን የነዳት አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ በ1974 ዓ.ም. በ6 ሺህ ዶላር ለአንድ የኒው ጀርሲ ቤተ ሰብ ተሸጠች። የቤቱ እመቤት አስተማሪ ነበረችና በዚያች መኪና ወደ ትምህርት ቤት ትመላለስ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ማክዊን ራሱ መኪናዋን መልሱልኝ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ አልመለሱለትም። በ2020 ዓ.ም. በጥር ወር በፍሎሪዳ በሐራጅ ተሸጣ ከነክፍያው 3 ሚሊዮን 740 ሺህ ዶላር አወጣች። ለፊልሙ ዝላይና ግጭት ያገለገለችው ሁለተኛይቱ ሙስታንግ ግን ዕጣዋ ሌላ ነበረ። በሜክሲኮ ተጥላ ዝጋ ተገኘች፤ ያገኟትም ሰዎች የ2000 ዓ.ም. ሌላ ፊልም መኪና ግልባጭ ሊያደርጓት ገዝተዋት ነበር። የሻንሲ ቍጥሯ በተመረመረ ጊዜ ማንነቷ ታወቀና ከመለወጥ ዳነች። ሰው ለአምሳያው ካለው ናፍቆት የተነሣ አማናዊውን በእጁ ይዞ ሳያውቀው ሊያጠፋው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አናገኝም። ስለ ፊተኛይቱ ደግሞ የምንፈርደው እንዲህ ነው፤ መኪናዋ ከሁሉ ይልቅ መኪና ሆና የኖረችው ከመጋረጃው ወርዳ አስተማሪዋን ወደ ተማሪዎቿ ባደረሰችባቸው ዓመታት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሐቀኝነት ጥቂት እንበል። አምሳያ አምሳያ መሆኑን እስከ ተናገረ ድረስ ማንንም አያታልልም። የስዋንዚዋ መኪና ከሆዷ በታች የፋብሪካዋ ስም ተቀርጾባታል፤ ገልብጦ ያያት ሁሉ ምን እንደ ሆነች ያነባል። ዛሬ ግን የጥንቱን ካርቶን አስመስለው የሚያትሙ፣ የጠፋውን ሽፍታ አስመስለው የሚያፈስሱ ሰዎች አሉ። ይህን ሥራ «አዲስ ነው» ብለው በግልጥ የሚሸጡት አልበደሉም፤ ለተጐዳ ዕቃ ጥገና ይሆናልና። ያው ካርቶን ከሦስተኛ እጅ በኋላ «የጥንቱ ነው» ተብሎ ሲሸጥ ግን ያው ወረቀት፣ ያው ቀለም ሳይለወጥ ሐሰት ሆነ። ሐሰቱ ያለው በካርቶኑ ሳይሆን በሰው አፍ ነው።

ሕግም በዚህ ነገር ገብቶበታል። በካሊፎርኒያ አንድ ሰው የባትማንን መኪና ግልባጭ በትክክለኛ መጠኑ እየሠራ እያንዳንዱን 90 ሺህ ዶላር ያህል ይሸጥ ነበር። የታሪኩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ከሰሰው፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት በ2015 ዓ.ም. መኪናው እንደ አንድ የድርሰት ሰው በሕግ የተጠበቀ ነውና ያለ ፈቃድ ሊገለበጥ አይገባውም ብሎ ፈረደ። ፍርዱ በሕግ ረገድ የጸና ነው፤ የሌላውን ድርሰት ያለ ፈቃድ መሸጥ ከሌላው እርሻ እንደ ማጨድ ነውና። ነገር ግን የዚያች መኪና የ1966ቱ አማናዊ ተብላ በ2013 ዓ.ም. በ4 ሚሊዮን 620 ሺህ ዶላር የተሸጠችውም ብትሆን፣ በ1955 ዓ.ም. ለኤግዚቢሽን ከተሠራች ሊንከን ፉቱራ ከተባለች መኪና ተለውጣ የተበጀች ናት። የሰው እጅ ከምንም አንሥቶ የሚፈጥረው ነገር የለም፤ ከነበረው ላይ አንሥቶ ይለውጣል እንጂ። ስለዚህ ግልባጭ ሠሪው የሚወቀሰው ስለ ገለበጠ ሳይሆን ባለቤቱን ሳይጠይቅ ስለ ሸጠ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ መናገር አያሻም። ከቤተ ሰቡ እንጀራ ቀንሶ መደርደሪያውን የሚሞላ ሰው በመኪና ባይሆን በሌላ ነገር ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ በሽታው ከዕቃው በፊት የነበረ ነው። ከትርፉ ከፍሎ፣ በገዛ እጁ ገጣጥሞና ቀብቶ፣ ለልጁም እያስነካ የሚያቈየው ሰው ግን የሚከሰስበት ነገር አይታየንም።

የኤክስ ዊንጉ ባለቤት የነበረው ያ አምሳያ ሠሪ፣ በ1977 ዓ.ም. በወጣው «ክሎስ ኤንካውንተርስ» በተባለው ሌላ ፊልም ከሰማይ የምትወርደውን ታላቅ መርከብ አምሳያ ከባልንጀሮቹ ጋር የሠራ ሰው ነው። ይህች አምሳያ ዛሬ በዋሽንግተን አጠገብ በቨርጂኒያ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ትገኛለች። በፊልሙ የምትታየው በጨለማ ውስጥ በብዙ መብራት ተከብባ ስለ ሆነ ገላዋን አጥርቶ ያየ ተመልካች የለም። ቀርቦ ለሚመረምራት ግን በገላዋ ላይ፣ በቧንቧዎቹና በመብራቶቹ መካከል፣ ሠራተኞቹ አንዲት ታናሽ የፖስታ ሣጥን፣ አንዲት የቮልስዋገን መኪና፣ ደግሞም አንድ ትንሽ የመቃብር ስፍራ አኑረዋል። በሲኒማው አዳራሽ የተቀመጠ ሰው እንደማያያቸው ያውቁ ነበር።